ጥሪና አቀባበል፤ ስለ ወዶ ገብ ሥራ ታሪክና ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቋንቋዎች

ሰውን ያለ ደመወዝ ለጋራ ሥራ የሚያስነሣው ምንድን ነው? ከተነሣስ በኋላ በሥራው ላይ ጸንቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ምንድን ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የጥሪ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የአቀባበል ጥያቄ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ቀን የተጠሩባቸውና በጥቂት ወራት ውስጥ የተበተኑባቸው ሥራዎች በታሪክ ውስጥ ሞልተዋል፤ በጥቂት ሰዎች ተጀምረው ለብዙ ዘመን የኖሩም አሉ። ልዩነቱ የተፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በጥሪው ታላቅነት ሳይሆን፣ አዲስ የመጣው ሰው በመጀመሪያው ቀን በተሰጠው ሥራና በጎኑ በቆመው ሰው ምክንያት ነው።

ይህ ነገር በአሶሳና በአካባቢዋ ልዩ ክብደት አለው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ከፌዴራሉ አባል ክልሎች አንዱ የሆነው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ቤርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉትን አምስት ነባር ሕዝቦች ያቀፈ ሲሆን፣ ከነርሱ ጋራ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎችም ይኖሩበታል። የቤርታ፣ የጉሙዝና የኮሞ ቋንቋዎች በአብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ከናይሎ ሰሃራ ወገን ይቈጠራሉ፤ ሺናሻ ደግሞ ከኦሞ ቋንቋዎች ወገን ነው። የነዚህ ቋንቋዎች ተናጋሪ ከአማርኛ ወይም ከኦሮምኛ ተናጋሪ ጋራ ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ፣ ለነርሱ መዝገበ ቃላት፣ የፊደል ቅርጽ፣ የኮምፒዩተር መጻፊያ የሚያዘጋጅ ነጋዴ አይገኝም፤ ገበያው አይከፍለውምና። እንግዲህ ሥራው የሚሠራው በመንግሥት ወይም በወዶ ገብ ነው። ይህም በመሆኑ የወዶ ገብ ሥራ ታሪክ ለነዚህ ቋንቋዎች የሕልውና ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

፩. ወዶ የመጣና ተገዶ የመጣ

በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የጋራ ሥራ ሁለት ዋና ዋና መልኮች አሉት። አንደኛው ደቦ ሲሆን፣ ሥራ የበዛበት ሰው ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ እህልና ጠላ አዘጋጅቶ በአንድ ቀን አዝመራውን የሚያነሣበት ነው። ሁለተኛው ወንፈል ነው፤ በዚህ ዛሬ ለአንዱ የዋለው ነገ ለሌላው ይውላል፤ ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ነፊር የሚባለው የኅብረት ሥራ የደቦ አምሳያ ሲሆን፣ ቃሉ በአረብኛ ሰውን ለአንድ ጉዳይ ጠርቶ ማስነሣትን ያመለክታል። እንደ አሶሳ ባለ የድንበር አገር እነዚህ ልማዶች ተጎራብተው የሚኖሩ ናቸው፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ወደ አሶሳ አውራጃና ወደ መተከል እንዲሰፍሩ የተደረጉት ገበሬዎችም የየራሳቸውን ደቦና ወንፈል ይዘው መጥተዋል።

በደቦ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አዲስ ወደ መንደሩ የገባ ሰው ወይም ገና ለሥራ የደረሰ ልጅ ወደ ደቦው ሲመጣ ማንም ስለ አጨዳ ትምህርት አይሰጠውም። ከአንድ ጎበዝ አጫጅ ጎን ይቆማል፤ የርሱን እጅ እያየ ያጭዳል፤ ሲዘገይም ጎረቤቱ የርሱን ወገን ጨምሮ ያነሣለታል። መሥሪያውና መማሪያው አንድ ቦታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ሥርዓቱ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለጀማሪው ያስጠናል፤ መምህሩ የሚደርሰው ነገሩ ከተቃና በኋላ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ አንድ የቅኔ መምህር ብቻውን ያን ሁሉ ተማሪ ሊያስተምር ባልቻለም ነበር።

ነገር ግን በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የጋራ ሥራ ሁሉ በውድ የተሠራ ነው ብሎ መናገር ከእውነት መራቅ ነው። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የቤላ ሻንጉል ታሪክ እንደሚታየው፣ አካባቢው በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ወርቁና ስለ ንግድ መንገዱ ብዙ ኃያላን የተሻሙበት ነበር። በ1890 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን መሪነት አገሩን ከያዘ በኋላ፣ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰንና ሌሎች የአካባቢው ገዦች ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር ሲከፍሉ፣ ወርቁን ከወንዝ አሸዋ የሚያጥበው ሕዝቡ ነበር፤ የባሪያ ፈንጋይም መከራ በዚህ ሕዝብ ላይ ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነበር። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ ጥሪ በቤርታና በጉሙዝ መታሰቢያ ውስጥ ምን ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። «ኑ፣ ለጋራ ጥቅም ሥሩ» የሚለው ቃል ለአንዱ ደቦን ሲያስታውሰው፣ ለሌላው ግብርን ያስታውሰዋል።

፪. ታላላቆቹ ዘመቻዎች

በ20ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ ከታዩት የሕዝብ ጥሪዎች ሁለቱ ከሁሉ የገነኑ ናቸው። የመጀመሪያው በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲሆን፣ 60 ሺ ያህል የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩበት። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ በጋለ ስሜት ሄደዋል፤ ነገር ግን መዝመት ለትምህርት መቀጠል ቅድመ ሁኔታ ስለ ሆነ፣ ወዶ ዘማቹንና ታዞ ዘማቹን መለየት አስቸጋሪ ነው። የቀድሞው ሰው በጦር ጊዜ በራሱ ስንቅ የሚሄደውን «ወዶ ዘማች» ብሎ ለይቶ መጥራቱ በከንቱ አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ ሌላም ዓይነት ዘማች እንዳለ ይመሰክራልና።

ሁለተኛው በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ይህ ዘመቻ በስፋቱና በውጤቱ በዓለም ዘንድ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ትምህርቱም በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር፤ ይህም በፊት ከነበረው ሲታይ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከነዚያ 15 ቋንቋዎች መካከል ቤርታም፣ ጉሙዝም፣ ሺናሻም አልነበሩም። የአሶሳ ሽማግሌ ፊደል የቈጠረው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው።

የዚህ ምክንያት ክፋት ነው ለማለት አይቻልም። አንድ ቋንቋ ለዘመቻ ከመብቃቱ በፊት ድምፆቹ መጠናት፣ የሚጻፍበት ፊደል መወሰን፣ የመማሪያ መጽሐፍ መዘጋጀት አለበት። ዘማች በአዋጅ ሊጠራ ይችላል፤ መዝገበ ቃላት ግን በአዋጅ አይጻፍም። ያ ሥራ ቋንቋውን ከልጅነቱ የሚናገሩ ሰዎች ለብዙ ዓመት በትዕግሥት ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። ጥሪው ታላቅ ሲሆን የሚቀበለው ቤት ካልተሠራ፣ ከደጅ የሚቀሩት ጥቂት ተናጋሪ ያላቸው ቋንቋዎች ናቸው።

፫. በኮምፒዩተር ዘመን የተነሣ ደቦ

ዘመቻዎቹ በኢትዮጵያ ሲካሄዱ በሌላው ዓለም አዲስ ዓይነት የጋራ ሥራ ይወለድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊሰጠው የሚችል የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመሥራት ማሰቡን ገልጾ፣ ጊዜ፣ ገንዘብና ሥራ እንዲሰጡት ሰዎችን ጠራ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ለሕዝብ አቀረበ። ይህን የመሰለው ሶፍትዌር ከ1998 ወዲህ «ኦፕን ሶርስ»፣ ማለት ምንጩ ክፍት የሆነ፣ እየተባለ ይጠራል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ፣ ከየትኛውም አገር ያለ ሰው ስሕተቱን ሊያርም፣ ወደ ቋንቋውም ሊተረጕመው ይችላል።

የአገራችን ምሳሌ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። የኦፕን ሶርስ ሰዎች እምነት ከዚህ ጋራ አንድ ነው። ነገር ግን ፍሬድሪክ ብሩክስ የተባለው ሊቅ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ታላቅ ሥራ መርቶ ካየው ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ አዲስ ሠራተኛ መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል ብሎ ጽፏል። ነባሩ ሠራተኛ የራሱን ሥራ ትቶ አዲሱን ያስተምራል፤ ሰው በበዛ ቍጥርም መነጋገሩና መስማማቱ ይበዛል። ምሳሌውና ብሩክስ የሚጣሉ ቢመስሉም የሚታረቁበት ነጥብ አለ። ሎሚ ከተፈጥሮው የተከፋፈለ ነው፤ ሥራ ግን እንዲሁ አይደለም። ሃምሳ ሰው ከመጠራቱ በፊት አንድ ሰው ተቀምጦ ሥራውን ሎሚ ሎሚ አድርጎ መከፋፈል አለበት። ይህን ያላደረገ ጠሪ ለሃምሳው ሰው የሚያድለው ጌጥ የለውም፤ የሚጨምረው ግርግር ብቻ ነው።

የዚህን ምሳሌ በዴቢያን ማኅበር ታሪክ ማየት ይቻላል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተ፣ በወዶ ገብ የሚሠራ ታላቅ የሊኑክስ ስብስብ ነው። አባላቱ እየበዙ ሲሄዱ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አባል መቀበሉን እስከ ማቆም ደረሰ፤ በ2000 በሩን እንደገና የከፈተው ሥርዓት አበጅቶ ነው። በዚያ ሥርዓት አመልካቹን የሚያውቅ አንድ ነባር አባል ይመሰክርለታል፤ ማንነቱ ይረጋገጣል፤ የማኅበሩን መርሕና ደንብ ማወቁ ይጠየቃል፤ ችሎታው በተግባር ይፈተናል። ያለ ደመወዝ ላገልግል ብሎ የመጣን ሰው ይህን ያህል መፈተን የማይገባ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዋስ ሆኖ የመሰከረ ሰው አዲሱን ብቻውን እንዲሠራ አይተወውም፤ ከደቦው ጎበዝ አጫጅ ጋራ የሚመሳሰለው ይህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ጉግል ተማሪዎችን ከነባር ሠራተኞች ጋራ እያገናኘ በክረምት እንዲሠሩ የሚያደርግበት ፕሮግራም ይህንኑ የጀማሪና የመሪ ጥምረት በአበል ደግፎ አስፋፍቶታል።

፬. ፊደል በኮምፒዩተር፤ የጉሙዝም ፊደላት

ወዶ ገብ ሥራ ለኢትዮጵያ ጽሕፈት ያደረገው አስተዋጽኦ ከሚታሰበው ይበልጣል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር የሚጽፉ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ተሠርተው ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደላቱን በራሱ ቍጥር ስለሚመዘግብ፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በዚያ ጊዜ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ከሌሎች ወዶ ገቦች ጋራ ሆነው ሴራ የተባለውን፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቍልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም 345 የግዕዝ ምልክቶች በዓለም አቀፍ ደረጃ ቋሚ ቍጥር አገኙ። በ2005 ተጨማሪ ፊደላት ተመዘገቡ።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የ2010ሩ ነው። በዚያ ዓመት በወጣው 6ኛው እትም 32 አዳዲስ ምልክቶች ሲጨመሩ፣ የተዘጋጁት ለጋሞ ጎፋ ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች ነበር። ጉሙዝኛ በአማርኛ ፊደል ቤት ያላገኙ ድምፆች አሉት፤ ከነርሱም አንዱ አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚነገረው የ«በ» ወገን ድምፅ ነው። ከዓባይ ሸለቆ ገበሬ አፍ የሚወጣ ድምፅ በዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚታወቅ ቍጥር አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ቍጥር ብቻውን ፊደል አያሳይም፤ ቅርጹን የሚስል፣ መጻፊያውንም የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። አቢሲኒካ የተባለው የኤስ.አይ.ኤል. የፊደል ቅርጽ፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚችልበት ፈቃድ የወጣ ስለ ሆነ፣ እነዚህን ምልክቶች ለሁሉም አድርሷል።

የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ፣ እነዚህ ፊደላት ቍጥር ባገኙበት ጊዜ ለትምህርት ሥራ የላቲን ፊደል ተመርጦ ነበር። የቤርታና የጉሙዝ ቋንቋዎች በክልሉ የትምህርት ቢሮና በኤስ.አይ.ኤል. ኢትዮጵያ ትብብር ሲጠኑ፣ የመማሪያ መጽሐፋቸው የተዘጋጀው በላቲን ፊደል ነው፤ የቤርታ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከዚያ በፊት የቤላ ሻንጉል ሼኾች የሚጻጻፉት በአረብኛ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ በአንድ አገር ሦስት ጽሕፈቶች ተገናኝተዋል። የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስኑት ተናጋሪዎቹ ናቸው። የሥራውን ሰው የሚመለከተው ትምህርት ሌላ ነው፦ ቋንቋውን የሚያውቀውና ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው ሰው በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ፣ አንዱ የሠራው ለሌላው ሳይደርስ ዘመን ሊያልፍበት ይችላል።

ይኸው ነገር በአማርኛም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኖም የተባለውን ኦፕን ሶርስ የኮምፒዩተር ገጽታ ወደ አማርኛ መተርጐም ጀመረ። ሥራው በጎ ጅምር ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሲሄድ አማርኛው እኩል መራመድ አልቻለም። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተናጋሪዎች ላሉት ቋንቋ የጠፋው ተርጓሚ አይደለም፤ የጠፋው ተተኪ ነው። ጥቂት የጀመሩት ሰዎች በሌላ ሥራ ሲያዙ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ተቀብሎ «ይህን አንድ ገጽ ተርጕም፤ እኔ አርምልሃለሁ» የሚለው ሰው ከሌለ ሥራው ይቆማል።

፭. ለአሶሳ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ወዶ ገብ ማለት ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሣው ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የኮምፒዩተር ጥናት ማኅበር ይህን በሚገባ ተረድቷል። በ2021 አማርኛ በሚገኝባቸው 10 ቋንቋዎች ላይ ባወጣው ጥናት፣ በየቋንቋው ቃል የለዩና የመዘገቡ ሰዎች ከፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ጋራ አብረው በደራሲነት ተጠርተዋል። በባምባሲ ወይም በኩምሩክ የሚኖር፣ ቤርታን ጠንቅቆ የሚናገር ነገር ግን ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ የቃል ድምፅ ሲያስቀዳ ሥራው ከሌላው ሁሉ አያንስም። ስሙ በሥራው ላይ ካልተጻፈ ግን ነገሩ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ ወርቁን ያጠበው አንድ፣ በወርቁ የከበረው ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ወንፈል ከደቦ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ደቦ ጠሪው ጠላ ስለሚጠምቅ ይሆናል፤ የሩቅ ጠሪ ግን ጠላ አያመጣም። መብራት በሚቋረጥበት፣ የኢንተርኔት ዋጋ ከኪስ በሚከፈልበት አገር ያለ ወጣት ጊዜውን ሲሰጥ ገንዘቡንም እየሰጠ ነው። ስለዚህ ጉልበቱን ለሰጠ ሰው ጉልበት መመለስ አለበት፤ የተማረው ሙያ፣ የተመሰከረለት ስም፣ ለራሱም ቋንቋ የሚውል ውጤት ብድራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሁለቱን ወገን፣ ቋንቋ አዋቂውንና ኮምፒዩተር አዋቂውን፣ በአንድ ጠረጴዛ ሊያገናኝ የሚችል የቅርብ ቤት ነው።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚከብደው መተማመን ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሺ ሰውም ከቀዬው ተፈናቅሏል። በወንፈል ጎን ለጎን ያጭድ የነበረ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያይቷል። እንዲህ ባለ አገር «ኑ፣ በጋራ እንሥራ» የሚል ጥሪ ሲወጣ፣ የተጠራው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሥራው አይደለም፤ የጠራው ማን እንደ ሆነ ነው። የዴቢያን ሰዎች ነባር ሰው ለአዲሱ እንዲመሰክር ያደረጉት አባላቱ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ነበር፤ በመተከልና በካማሺ ደግሞ የሚተያዩት ሰዎች ራሳቸው የሚመሰክርላቸው ዋስ ያስፈልጋቸዋል። ያ ዋስ በሁለቱም ወገን የታመነ መምህር፣ ሼኽ፣ ቄስ ወይም የአገር ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

የቤርታ ወይም የጉሙዝ መዝገብ በኮምፒዩተር ላይ እንዲኖር ታላቅ ዘመቻ ላያስፈልግ ይችላል። ዐሥር ሰዎች ቢበቁትም እነዚያ ዐሥር ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው አሥራ አንደኛውን ተቀብለው ከጎናቸው የሚያቆሙ መሆን አለባቸው። የ1971ዱ ዘመቻ ብዙ ሰው ጠርቶ እነዚህን ቋንቋዎች ከደጅ ትቷቸዋል፤ የ2010ሩ የዩኒኮድ እትም ደግሞ በጥቂት ሰዎች ድካም ለጉሙዝ በር ከፍቶ፣ የሚገባ ሰው ሳያገኝ ቆይቷል። ጥሪና አቀባበል በአንድ ሰዓት ሲገናኙ ምን እንደሚሠራ በአሶሳ ገና የሚታይ ነገር ነው፤ የቋንቋዎቹ አዋቂ ሽማግሌዎች ግን ለዘለዓለም አይጠብቁም።